ባክቴሪያን በቦሎቄ ማስተማር

ባክቴሪያ መድኃኒትን እንደሚቋቋም በቃል ብቻ የተማረ ታዳጊ ፈተናውን ቢያልፍም፣ ብዙ ጊዜ አንድ የተሳሳተ እምነት ይዞ ይወጣል፤ መድኃኒቱን የለመደው የበሽተኛው ሰውነት ይመስለዋል። ስሕተቱ ቀላል አይደለም። ጉዳዩ የአንድ ሰው ሰውነት ብቻ ከሆነ፣ ከጎረቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን መዋጥ ሌላውን ሰው አይመለከትም ማለት ነው። የሚለወጠው ግን የባክቴሪያዎቹ ስብጥር ነው፤ መድኃኒት የማይበግረው ዘርም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል። ይህን እምነት ከሥሩ ለመንቀል ተማሪው ራሱ በእጁ እያነሳ መቁጠር አለበት እላለሁ።

ለዚህ 30 ፍሬ ቦሎቄ ይበቃል፤ 24 ነጭ፣ 6 ቀይ። ነጩ መድኃኒት በቀላሉ የሚገድለው ባክቴሪያ ነው፤ ቀዩ በአጋጣሚ በተፈጠረ የዘረመል ለውጥ የሚቋቋመው። ተማሪዎቹ በእያንዳንዱ ዙር 10 ነጭ ያነሳሉ። ከሁለት ዙር በኋላ 4 ነጭና 6 ቀይ ይቀራሉ። የቀሩት በእጥፍ ሲባዙ 8 ነጭና 12 ቀይ ይሆናሉ። ቀዩ ከአምስት አንድ ነበር፤ አሁን ከአምስት ሦስት ሆነ። አንድም ነጭ ወደ ቀይ አልተለወጠም፤ የተረፉት ተባዙ እንጂ። መምህሩ እዚህ ላይ መታገሥ አለበት። መደምደሚያውን ቀድሞ ከተናገረ ቆጠራው ትርጉም ያጣል።

ቦሎቄ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት ነው። ስለዚህ እርጎን እናስቀድም። ፈልቶ ለብ ባለ ወተት ላይ አንድ ማንኪያ እርጎ ይጨመራል፤ ሌላው ወተት እንዳለ ይቀመጣል። በማግስቱ ሁለቱን አሲድነትን በሚያሳይ የሊትመስ ወረቀት የፈተነ ተማሪ ባክቴሪያ ሥራ እንደሚሠራ፣ ሁሉም ጠላት እንዳልሆነም ይረዳል። ከአፍንጫ ወይም ከቁስል ናሙና ወስዶ ማሳደግ ግን ተገቢው ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት አይሞከርም፤ ምን እንደሚበቅል አይታወቅምና።

የከበደው ተቃውሞ፣ ልጆቹ መድኃኒትን ቢፈሩስ የሚለው ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ንግግሩ ፔኒሲሊንን ከመጠን በታች መውሰድ ባክቴሪያውን እንዲቋቋም እንደሚያደርገው አስጠንቅቋል። ትምህርታችን ብዙ ጊዜ እዚህ ይቆማል፤ ቦሎቄው ግን በትክክል የተወሰደ መድኃኒትም ለቀዩ ቦታ እንደሚለቅ ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ያስፈልጋል ወይ?» ነው። ጉንፋን የቫይረስ በሽታ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያሽረውም፤ ዋጋው በከንቱ ይከፈላል። ለሳንባ ምች ሐኪም ሲያዝ ግን መድኃኒቱ ሕይወት ያድናልና በታዘዘው መጠን ይወሰዳል። ይህን ልዩነት ለቤተሰቡ በራሱ አነጋገር ማስረዳት የቻለ ተማሪ ትምህርቱ ገብቶታል።