የኦንታ ሸክላና የጐብኚው ዓይን

በጃፓን ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በኪዩሹ ደሴት፣ በኦኢታ ጠቅላይ ግዛት፣ ከሒታ ከተማ ወጣ ብሎ በተራሮች መካከል ሳራያማ የምትባል አንዲት ትንሽ መንደር አለች። የስሟ ትርጓሜ «የሳሕን ተራራ» ማለት ነው፤ በውስጧ የሚሠራውም ሸክላ የኦንታ ሸክላ ይባላል። ወደዚች መንደር የሚወጣ ሰው ቤቶቹን ከማየቱ በፊት ድምፅ ይሰማል። ይኸውም በወንዝ ውሃ የሚነሡና የሚወድቁ ትልልቅ የእንጨት ሙቀጫዎች ቀንና ሌሊት የሸክላውን ዐፈር ሲወቅጡ የሚያሰሙት ድምፅ ነው። የጃፓን መንግሥት በ1996 ዓ.ም. ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ ከመረጣቸው አንድ መቶ የሀገሪቱ ድምፆች አንዱ ይኸው ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ጐብኚው ድምፁን ሰምቶ፣ በደጅ የተሰጣውን ጥሬ ሸክላ አይቶ፣ የጥንቱን ሰላም አገኘሁ ብሎ ይመለሳል። የሰማው ድምፅ በመንደሩ ኑሮ ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

ከምሁራን ወገን የመንደሩን ዝና ያስነሡት ያናጊ ሶኤትሱ (1889–1961) ናቸው። ያናጊ በ1925 ዓ.ም. ከሁለት ሸክላ ሠሪ ወዳጆቻቸው፣ ከሐማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋራ ሆነው «ሚንጌይ» የሚለውን ቃል አወጡ፤ ፍቺውም የሕዝብ እጅ ጥበብ ማለት ነው። ወደ ሳራያማ የመጡት በ1931 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያዩትንም በጽሑፍ አመስግነው ለአንባቢ አስታወቁ። በ1936 ዓ.ም. በቶክዮ የሕዝብ እጅ ጥበብ ቤተ መዘክር ሲከፈት የመጀመሪያው ዋና አስተዳዳሪ እርሳቸው ነበሩ።

ትምህርታቸው ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። እውነተኛ ውበት የሚገኘው ስሙን ለማስጠራት በሚደክም ባለ ጥበብ ሥራ ሳይሆን፣ ስሙ የማይታወቅ ሠራተኛ ለዕለት አገልግሎት በብዛትና በርካሽ በሚሠራው ዕቃ ነው። ይህ ሠራተኛ ስለ ውበት አያስብም፤ ከአባቶቹ የወረሰው ልማድና የአገሩ ተፈጥሮ በእጁ በኩል ይሠራሉ እንጂ። ዕቃውንም የሚመዝን ሰው ማየትን ማስቀደም፣ ማወቅን ማስከተል ይገባዋል። በኦንታ ማሰሮና ጋን ላይ የሠሪው ስም አለመጻፉ ለዚህ ትምህርት ሕያው ምስክር ሆኖ ተቈጠረ። በ1954 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች በመንደሩ ሰንብተው ከሠሩ በኋላም ዝናው እየሰፋ ሄደ።

የዚህ ትምህርት ውለታ የሚካድ አይደለም። የገበሬው ጋንና ወጭት ለሊቃውንት ዓይን እንዲበቁ ያደረገው እርሱ ነውና። ጕድለቱ ግን የውበቱን ምክንያት በሠሪው ልብ ብቻ መፈለጉ ነው። ሠሪው ስሙን ያልጻፈው ትሑት ስለ ሆነ ነውን? ማየትን ከማወቅ የሚያስቀድም ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ጥያቄውን የሚመልሰው ዕቃው ሳይሆን ዕቃው የተሠራበት ሥርዐት ስለ ሆነ ነው።

ሥርዐቱም ይህ ነው። የሸክላ ሥራው የተጀመረው በ1705 ዓ.ም. በአቅራቢያው ካለው ከኮይሺዋራ በመጣ ሸክላ ሠሪ ነው። የዛሬዎቹ ሠሪዎች በአያት በቅድመ አያት የተያያዙ፣ ቍጥራቸውም ከዐሥር ቤት የማይበልጥ ናቸው። ዐፈሩ በመንደሩ ዙሪያ ካለው ተራራ በኅብረት ተቈፍሮ ለየቤቱ በእኩል ይከፈላል፤ ከዚያም ወደ ሙቀጫው ይገባል። የሙቀጫው አሠራር ቀላል ነው። የአንድ ረዥም ግንድ አንደኛው ጫፍ እንደ ገበታ ይቦረቦራል፤ የወንዙ ውሃ ሲሞላው በክብደቱ ይወርዳል፤ ወርዶም ውሃውን ሲያፈስ ይቀልና ይነሣል፤ ያን ጊዜ በሌላው ጫፍ ያለው ዘነዘና ወድቆ ዐፈሩን ይመታል። እንደ ድንጋይ የጠነከረው ዐፈር በዚህ ዐይነት እስኪልም ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያም በውሃ ተበጥብጦ ይጣራል፤ ዘቅጦና ጠፍፎ ለመንኰራኵሩ የሚስማማ ጭቃ ይሆናል።

እንግዲህ ወንዙ ከሚችለው በላይ ሙቀጫ አይተከልም፤ ሙቀጫው ከሚወቅጠው በላይ ጭቃ አይገኝም፤ ከጭቃውም በላይ ሸክላ አይሠራም። ስለዚህ አንዱ ቤት ከጎረቤቱ እጅግ አብልጦ ሠርቶ ሊበለጽግ አይችልም። መንኰራኵሩም በእግር የሚገፋ ሆኖ በየቤቱ ለአባትና ለልጅ የተወሰነ ነው። ሙያው ለአንድ ወራሽ ይተላለፋል፤ ከውጭ የሚቀጠር ደቀ መዝሙርም የለም። ከቤቶቹ ከፊሎቹ በዳገት ላይ ደረጃ በደረጃ በተሠራው የኅብረት እቶን ተራ ገብተው ይተኵሳሉ፤ የቀሩት የየግላቸው እቶን አላቸው። ዐፈሩ የጋራ፣ ውሃው የጋራ፣ እቶኑም ለብዙዎች የጋራ በሆነበት ቦታ በዕቃው ላይ የሚታተመው ስም የመንደሩ ስም ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። ያናጊ የልብ ንጽሕና ብለው ያመሰገኑት፣ ቀርበው ሲያዩት የወንዝና የጉርብትና ሕግ ሆኖ ይገኛል።

ይህን በሰፊው ያስረዱት እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ጥናት ሊቅ ብራያን ሞኤራን ናቸው። በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በዚያው ሸለቆ ኖረው ያጠኑትን በ1984 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተሙ። የመጽሐፉ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጠፋ የዋህነት» የሚል ነው። የመጽሐፉ ትልቁ ዋጋ ምስጋናው ራሱ በመንደሩ ላይ ያደረሰውን ለውጥ መመርመሩ ነው። የሕዝብ እጅ ጥበብ ወዳዶች ሲበዙ ገዥ በዛ፤ ገዥ ሲበዛ የሸክላው ገቢ ከእርሻው በለጠ፤ ቀድሞ ሩዝ እየዘሩ በመካከሉ ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ ሰቦች በሸክላ ብቻ ወደ መተዳደር አዘነበሉ። በእርሻ ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤት ጕልበት የሚበዳደርበት ልማድ ላላ፤ ከኅብረቱ እቶን የተለየ ቤትም የጎረቤቱ ርዳታ እምብዛም አላሻውም። ነጋዴውና ሃያሲው ደግሞ የአንዱን እጅ ከሌላው እጅ እየለዩ መምረጥ ጀመሩ። ስም የለሽነትን ያመሰገነው አፍ ስም ማውጣትን አመጣ።

ሆኖም የሞኤራን ርእስ ራሱ ምርመራ ያስፈልገዋል። የዋህነት ጠፋ ለማለት አስቀድሞ የዋህነት ነበረ ማለት ያሻል፤ መጽሐፉ ግን ያ የዋህነት በጐብኚው ሐሳብ እንጂ በሠሪው ኑሮ እንዳልነበረ በብዙ ማስረጃ ያሳያል። ኦንታ ከጥንትም ለገበያ ይሠራ ነበር፤ በኅብረቱም ውስጥ የጥቅም ስሌት ነበረበት። የጠፋ ነገር ካለ የጠፋው በየቤቶቹ መካከል የነበረው ሚዛን ነው፤ እርሱም ፈጽሞ አልጠፋም። ዐፈር የሚፈጭ ሞተር እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን መንደሩ በውሃ ሙቀጫ መጽናቱ ለዚህ ምስክር ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በሰሜን ኪዩሹ የወረደው ከባድ ዝናብ ብዙዎቹን ሙቀጫዎች ባፈራረሰ ጊዜም ሠሪዎቹ ያንኑ ሙቀጫ መልሰው ተከሉ። ገዥው የድሮውን ነገር ስለሚወድ ነው ቢባል እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሞተር የሚፈጨው ዐፈር ልክ ስለሌለው የቤቶቹን እኩልነት እንደሚያፈርስ እነርሱ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ።

ሌላም ነገር አለ። በሳራያማ በመንኰራኵር የሚሠሩት ወንዶች ሲሆኑ፣ የተወቀጠውን ዐፈር በመበጥበጥ፣ በማጣራትና ጭቃውን በማዘጋጀት በኩል የሴቶች ድካም ከፍ ያለ ነው። ሞኤራን ይህን የሥራ ክፍፍል መዝግበዋል። በያናጊ ትምህርት ግን ስሙ የማይታወቀው ሠራተኛ ከፍ ከፍ ሲል፣ ጭቃውን ያቀረበችለት ሴት ከምስጋናው ውጭ ቀርታለች። የዕቃውን ውበት በመንኰራኵሩ ላይ ባለው እጅ ብቻ የሚፈልግ ዓይን ከሥራው ገሚሱን አያይም።

የጃፓን መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የኦንታን ሸክላ ከጠቃሚ የማይዳሰሱ የባህል ሀብቶች ቈጠረው። የሀብቱ ያዥ ተብሎ የታወቀው የሠሪዎቹ ማኅበር እንጂ አንድ ሰው አይደለም። በ1955 ዓ.ም. ለሐማዳ ሾጂ ተመሳሳይ ማዕርግ በግል ስማቸው ተሰጥቷቸው ስለ ነበር ልዩነቱ ልብ የሚባል ነው፤ ስም የለሽነትን ካስተማሩት አንዱ በስማቸው ሲከበሩ፣ ሳራያማ ግን የተከበረችው በማኅበሯ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ መልክአ ምድሩ በጠቃሚ የባህል ገጽታነት ተመዘገበ። ሁለቱም ውሳኔዎች ከጐብኚው ዓይን ይልቅ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ፤ አንደኛው ኅብረቱን፣ ሁለተኛው ወንዙንና ተራራውን ስለሚያስብ ነው።

ነገር ግን ሕግ የሚጠብቀው በግልጥ የሚታየውን ነው። ሙቀጫው እንዲሰማ ብቻ ከተጠበቀ ጌጥ ይሆናል፤ የየቤቱን ድርሻ መመጠኑን ከቀጠለ ግን እንደ ጥንቱ መሣሪያ ነው። ሁለቱ በድምፅ አይለዩም። ስለዚህ የዚህን መንደር ወይም የሌላውን የእጅ ሥራ ሊያጠና የሚወጣ ተማሪ ከዕቃው መልክ ቀጥሎ ዐፈሩ ለማን ስንት እንደ ደረሰ፣ እቶኑ በማን ተራ እንደ ነደደ፣ ጭቃውን ማን እንዳጣራ፣ ሙያውንም ማን እንደሚወርስና ከወንድሞቹ የቀሩት ወዴት እንደሚሄዱ መጠየቅ ይገባዋል። ያናጊ እነዚህን ጥያቄዎች ሳይጠይቁ ያዩት ውበት እውነተኛ ነበር፤ ውበቱ በምን ጸንቶ እንደሚኖር ግን ከእነዚህ ጥያቄዎች በቀር የሚያስረዳ የለም።