የማይነበብ ፊደል፦ ከክታብ ወደ ሸራ

የወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ሥዕሎች የሚመለከት አማርኛ አንባቢ በመጀመሪያ የሚያደርገው ለማንበብ መሞከር ነው። ፊደላቱ ይረዝማሉ፣ ይጣመማሉ፣ ይገለበጣሉ፤ አንዳንዱ ሰው እስኪመስል ድረስ ይጨፍራል። ቃል ግን አይገኝም። በመሆኑም «ፊደላችንን ጌጥ አደረገው» የሚል ወቀሳ ቢሰነዘርበት አያስደንቅም። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ወቀሳው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ወሰኔ እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1980 ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ጥበብ የማስተርስ ዲግሪ አግኝቷል። እዚያ ካስተማሩት አንዱ የጠልሰምን ዓይኖችና የጥቅልል ብራናን ቅርጽ ወደ ዘመናዊው ሥዕል ያስገባው እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003) ነው። ስለዚህ ወቀሳውን ከመቀበላችን በፊት የክታብን ሙያ ማየት ይገባል።

ደብተራው ቆዳውን ወጥሮ፣ ፍቆ፣ አድርቆ ብራና ያደርገዋል። ርዝመቱን በባለቤቱ ቁመት ይለካዋል፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቀው ነው። በጥቁርና በቀይ ቀለም ጸሎቱን ይጽፋል፤ በየመካከሉ ጠልሰም ይሥላል። ከዚያም ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋል፤ በአንገት ይንጠለጠላል። ባለቤቱ አስማቱን አያነበውም፤ አብዛኛውን ጊዜም ማንበብ አይችልም ነበር። እንግዲህ ፊደል ሥራውን የሚሠራው በመነበብ ብቻ ነው የሚለው እምነት ከራሳችን ትውፊት ጋር አይስማማም። (የሰምና ወርቅን ንጽጽር ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የቅኔ ሰም ይነበባልና።)

ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ስውር ቃል መካከል ክታቡ አንድ ግልጽ ነገር ይዟል፤ የባለቤቱን የክርስትና ስም። ክታብ ለማን እንደተጻፈ ያውቃል። በእኔ አስተያየት የወሰኔ ደካማ ሥራዎች የሚጎድላቸው ይህ ነው። ፊደሉ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲሞላው ቀለሙ ያምራል፤ ዓይን ግን የሚያርፍበት አጥቶ ያልፋል። ባዶ ቦታ ትቶ አንድን ፊደል ለብቻው ሲያቆም ሁኔታው ይለወጣል። የካሊፎርኒያ ተመልካች መስመር ያያል፣ ምናልባትም ጃዝ ይሰማል። እኛ ግን ድምፁን በአፋችን ይዘን የሚቀጥለውን ፊደል እንፈልጋለን፤ ሳናገኘውም እንደገና ከመጀመሪያው እንነሣለን።