የዝንጅብል ዘይትና የሳህኑ ላይ ቀለበት

ስለ ዝንጅብል ተናኝ ዘይት ፀረ ተሕዋስያን ኃይል የሚወጡ የላቦራቶሪ ጽሑፎች አቀራረባቸው እጅግ ተመሳሳይ ነው። ሥሩ በእንፋሎት ይጣራል፤ በዘይቱ የተነከረ ክብ ወረቀት ባክቴሪያ በተዘራበት አጋር ላይ ይቀመጣል፤ በማግስቱ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ቀለበት በሚሊሜትር ይለካል። ከዚያም ዘይቱ ለአዲስ መድኃኒት ተስፋ እንደሚሰጥ ይነገራል። ልኬቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መደምደሚያው ግን ከልኬቱ አይወለድም።

ለንጽጽር የሚቀመጠው የጄንታሚሲን ዲስክ 10 ማይክሮግራም መድኃኒት ይይዛል። 10 ማይክሮሊትር ያልተበረዘ የዝንጅብል ዘይት ደግሞ ወደ 9 ሚሊግራም ይመዝናል፤ 900 እጥፍ ያህል ማለት ነው። ሁለቱ ቀለበቶች እኩል ቢወጡ እኩልነቱ የስፋት እንጂ የኃይል አይደለም። በአንጻሩ ዘይት ውኃ በበዛበት አጋር ውስጥ በቀላሉ ስለማይሰርግ ቀለበቱ የዘይቱን ኃይል አሳንሶ ሊያሳይም ይችላል። እንግዲህ መለኪያው በሁለቱም በኩል ያሳስታል። ዕድገት የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን በፈሳሽ ማሳደጊያ መለካት ይሻላል፤ ያም ቢሆን ዘይቱን ከውኃ ጋር ለማዋሐድ የሚጨመረው ንጥረ ነገር ለብቻው ካልተፈተሸ ውጤቱ አያስተማምንም።

የኬሚስትሪው ጉድለት ከዚህ ይብሳል። በዘይቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ጎልተው የሚገኙት ዚንጂበሪን፣ አር-ከርኩሚን፣ ቤታ-ሰስኩዊፌላንድሪን፣ ካምፊን፣ እንዲሁም ጄራኒያልና ኔራል የተባሉት አልዲሃይዶች ናቸው። መጠናቸው እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩና እንደ ሥሩ ርጥበት ይለያያል። ስለሆነም ይዘቱን በጋዝ ክሮማቶግራፊ ያላሳየ ጽሑፍ ምን እንደፈተነ አልተናገረም። ማቃጠልን የሚሰጠው ጂንጀሮል ደግሞ ተናኝ ባለመሆኑ በእንፋሎት ማጣራት ወደ ዘይቱ አይሻገርም ማለት ይቻላል። የዘይቱን ውጤት ለጂንጀሮል የሚሰጡ ጸሐፊዎች ግን አልጠፉም። በክፍት ድስት የሚፈላው ሻይም ተናኙን ክፍል ከእንፋሎቱ ጋር ያጣል፤ በሳህን ላይ የተፈተነውና በስኒ የሚጠጣው አንድ አይደሉም።

እነዚህ ዘይቶች የባክቴሪያን ሽፋን በማናጋት እንደሚሠሩ ይታመናል፤ ግራም ኔጋቲቮች ውጫዊ ሽፋናቸው ስለሚከላከልላቸው አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋማሉ። (በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብል ማሳዎችን ያወደመው ራልስቶኒያ ሶላናሲየረምም ግራም ኔጋቲቭ ነው፤ ዘይት ባዘለው ሥር ውስጥ ከመራባት አልታቀበም።) የሰው ሕዋስም ሽፋን አለው። ለባክቴሪያ የሚበቃው መጠን ለሕዋሱ ምን እንደሚያደርግ ጎን ለጎን የሚለኩ ጽሑፎች ጥቂቶች ናቸው።

ዝንጅብል በእርግዝና ወቅት ለሚከሰት ማቅለሽለሽ በሰው ላይ ተሞክሮ የተወሰነ ጥቅም አሳይቷል፤ ለጉሮሮ ማለስለሻነቱንም የሚቃወም የለም። ችግሩ የሚመጣው «ጀርም ይገድላል» የሚለው ቃል ከመጽሔት ገጽ ወጥቶ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ነው። ስታፊሎኮከስን በሳህን ላይ የገታ ዘይት በደም ውስጥ ምን ያህል መጠን እንደሚደርስ አላስረዳም። ስለ ሳንባ ምችም የተናገረው የለም። ሳል ይዞት በፍጥነት የሚተነፍስ ሕፃን እናቱ ሦስት ቀን ዝንጅብል አጠጥታው ስትመጣ፣ አሞክሲሲሊኑ ሦስት ቀን ዘግይቷል።