ሰንደቁን ማን ሰፋው?

ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ፣ ሰቨን ሲስተርስ ጎዳና ላይ፣ ቀድሞ ሬይንቦው ቲያትር ይባል የነበረ ሕንፃ አለ። ቦብ ማርሌ በ1977 እ.ኤ.አ. የዘፈነበት ነው፤ ዛሬ የጸሎት ቤት ሆኗል። ራስታዎች ከኢትዮጵያ የወሰዱት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በእንዲህ ያሉ መድረኮች ዓለምን አዳርሷል። ቀለሞቹን የማያውቅ የለም። ጨርቁን ማን እንደ ሰፋው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ አንስቶ ሙዚየም የሆነ ቤት የሚገኘው ባልቲሞር፣ አሜሪካ ነው። በ1813 ሜሪ ፒከርስጊል የተባለች ባሏ የሞተባት ሰንደቅ ሰፊ ለማክሄንሪ ምሽግ 9 ሜትር በ13 ሜትር የሚጠጋ ሰንደቅ ሰፋች። ቤቷ ስላልበቃት የሰፈሩ ቢራ ጠመቃ ወለል ላይ ዘርግታ ጨረሰችው። የተከፈላት 405 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነበር። በዓመቱ ፍራንሲስ ስኮት ኪ ያንን ሰንደቅ አይቶ ግጥም ጻፈ፤ ግጥሙም ብሔራዊ መዝሙር ሆነ።

ሰንደቁ ራሱ ዋሽንግተን ነው ያለው። ለባልቲሞሩ ቤት የቀረለት ሥራው ነው፤ ጥንካሬውም ይኸው ነው። ክብር መርፌ፣ ክርና ደሞዝ እንዳለው ያሳያል። ጉድለቱም እዚያው ይታያል። ከሰፊዎቹ አንዷ፣ በውል ታስራ ታገለግል የነበረችው ጥቁር ታዳጊ ግሬስ ዊሸር፣ ስሟ ከታሪኩ ውስጥ ለረጅም ዘመን ተዘሎ ነበር። ደረሰኙ የአሠሪዋን ስም ያዘ፤ የእሷ እጅ ግን በሌሎች ስም ተሸፈነ።

በአማርኛ «ሰንደቅ» እንጨቱ ነው፤ «ዓላማ» ምልክቱ። ሰፊው በስሙ ውስጥ የለበትም። ኢትዮጵያውያንም በአገርም በስደትም የሚከራከሩት በምልክቱ ነው፦ አንበሳው ይመለስ፣ በ1988 ዓ.ም. የገባው ባለ ኮከብ ዓርማ ይቅር ወይም ይቆይ፣ ወይም ልሙጡ ይበቃል። ክርክሩ እውነተኛ ነው፤ ብዙ ሰው ዋጋ ከፍሎበታል። ይሁንና አንበሳውንም፣ ኮከቡንም፣ ልሙጡንም በየዘመኑ መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ የሰፋ ሰው ነበረ፤ ትእዛዝ ሲለወጥ ጥለቱን ፈትቶ እንደገና የጀመረ። ሦስቱንም ወገን ያለ ጠብ በአንድ ክፍል ሊያስቀምጥ የሚችለው የዚያ ሰፊ ጠረጴዛ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል አዲስ አበባ ቢከፈት፣ ፊንስበሪ ፓርክ ያደገ ልጅ ከወላጆቹ ክርክር አስቀድሞ የሥራውን ድካም ያውቃል።