ጉልላት የሌለው ታንክ በጠረጴዛ ላይ

በጦር መሣሪያ አምሳያዎች በጠረጴዛ ላይ ውጊያ የሚጫወቱ ሰዎች፣ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ያዘመተውን ሲቪ 33 (በኋላ ኤል 3 የተባለውን) ታንክ ይወዱታል። ይልቁንም 500 ሊትር ያህል የሚቃጠል ፈሳሽ በተሳቢ እየጎተተ እሳት የሚተፋውን ብርቅ ዓይነት አጥብቀው ይሻሉ። አምሳያው በ1 ለ72 መጠን ሲሠራ ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ቢሆንም ብሎኑ ሳይቀር ይታያል።

እኛ የምንነቅፈው አምሳያውን ሳይሆን የጨዋታውን ሕግ ነው። ባየናቸው ሕጎች ይህ ታንክ ወደ አራቱም ማዕዘን ይተኩሳል። እውነተኛው ግን የሚዞር ጉልላት አልነበረውም፤ መትረየሱ ከፊት ተተክሎ ወደ ግራና ቀኝ ጥቂት ብቻ ይል ነበር። በውስጡ ያሉት ሁለት ሰዎች ኋላቸውን መጠበቅ አይችሉም። የራስ እምሩ ሠራዊት ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በደምበጉና መተላለፊያ ታንኮቹን ከጎንና ከኋላ ቀርቦ አሰናከላቸው። ሕጉ ይህን ለዳይስ ዕድል ሲተወው የሰዎቹ ብልሃት አጋጣሚ ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ ለእኛ ለሮቤ ተማሪዎች ሩቅ አይደለም፤ የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርድ የተሰለፉት በደቡቡ ግንባር ነበር። በዚያ መሬቱ ሌላ ነው። በቆላው ሜዳ ላይ በተሽከርካሪ የሚጓዘው የግራዚያኒ ጦር ከዶሎ ተነሥቶ ጥር 11 ቀን ነገሌን ያዘ። ያው ታንክ በገደል መካከል ደካማ፣ በሜዳ ላይ ብርቱ ነው። ጨዋታ ሠሪዎች የተሳቢውን ጎማ ከመቁጠራቸው በፊት የመትረየሱን ማዕዘን ለክተው በሕጉ ቢያገቡልን እንመርጣለን።