የሰኞው ፊልም የሚቀጥለውን ሰኞ ሲጠራ
በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የተማሪዎች ፊልም ማኅበር ዶክ ፊልምስ ታሪኩን ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቆጥራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ዕድሜው ሳይሆን አመራረጡ ነው። በየወቅቱ አንዱ ምሽት ለአንድ ዳይሬክተር፣ ሌላው ለአንድ አገር ወይም ሐሳብ ይሰጣል፤ ታዳሚውም በሳምንቱ ሲመለስ አዲሱን ፊልም ካለፈው ጋር እያስተያየ ያያል። የገበያ ሲኒማ ይህን ዕድል አይሰጥም። ዝርዝሩን የሚያወጡት ፈቃደኞች ናቸው፤ የ35 ሚሊ ሜትሩን ጥቅልል ማሽኑ ላይ የሚያጠልቁትም እነሱው። ፍቅራቸው ከምርጫው ይነበባል።

በእንዲህ ያለ መርሐ ግብር የሳትያጂት ራይ «ፓተር ፓንቻሊ» (1955) እና የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ተከታትለው ቢታዩ እንዴት ደስ ባለኝ! ሁለቱም የገጠር ቤተሰብን ኑሮ በጥቁርና ነጭ፣ ሳይቸኩሉ፣ ከነክብሩ ያሳያሉ።