ስለ ጃፓን ሕፃናት የምሳ ዕቃ የተጻፈ አንድ ሐተታ ሲመረመር

የሰው የምግብ ምርጫ በልጅነቱ እንደሚቀረጽ ብዙዎች ይስማማሉ፤ ቀራጩ ማን እንደ ሆነ ግን ያከራክራል። አሜሪካዊቱ የባሕል ተመራማሪ አን አሊሰን በ1991 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ስለ ጃፓን እናቶችና ስለ «ኦቤንቶ» ባሳተሙት ሐተታ ለዚህ ክርክር የበኩላቸውን መልስ ሰጥተዋል። ኦቤንቶ እናት ማልዳ አዘጋጅታ ወደ አጸደ ሕፃናት ለሚሄደው ልጇ የምታስይዘው የምሳ ዕቃ ነው። ጸሐፊዋ ከፈረንሳዊው ፈላስፋ ከሉዊ አልቱሴር በተዋሱት ሐሳብ ይህን ትንሽ ዕቃ መንግሥት አስተሳሰቡን የሚያሰርጽበት መሣሪያ ያደርጉታል፤ ሕፃኑ ምሳውን ሳያስተርፍ ፈጥኖ መጨረስን ሲለምድ ለሥርዐት መገዛትን ይማራል፤ የእናቲቱም እናትነት በምግቡ አሠራርና ጌጥ ይመዘናል።

የሐተታው ብርታት በዓይን ምስክርነት ላይ መቆሙ ነው፤ ጸሐፊዋ የገዛ ልጃቸውን በዚያው አገር አጸደ ሕፃናት አስገብተው ነበርና። ነገር ግን የሚያሳዩን ኀይል ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ዕቃው ባዶ ሆኖ መመለስ ካለበት፣ እናት የምትከትበት ልጁ የሚወደውን ነው፤ እንግዲህ ደንቡ ራሱ የሕፃኑን ምርጫ በእናቲቱ ላይ ያሠለጥነዋል ማለት ነው። ስምንት እግር ባለው የባሕር እንስሳ አምሳል ተቈርጦ የሚጠበሰው ቀይ ቋሊማ ከአያቶች ማእድ የተወረሰ አይደለም።

ይልቁንም ታሪኩ ተዘሏል። በ1889 በያማጋታ ግዛት በትሱሩኦካ ለድኾች ልጆች የተጀመረው የትምህርት ቤት ምሳ የተድበለበለ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣና በጨው የቈየ አትክልት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የአሜሪካ ስንዴና ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት ገባ፤ በ1954 የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ወጣ፤ ሩዝ በይፋ ወደዚያ ማእድ የተመለሰው በ1976 ነው። ስለዚህ ጸሐፊዋ በ1980ዎቹ ያዩዋቸው እናቶች አብዛኞቹ ራሳቸው በትምህርት ቤት ዳቦና ወተት የለመዱ ነበሩ። በ1962 በነፍስ ወከፍ 118 ኪሎ ግራም ገደማ የነበረው የዓመት የሩዝ ፍጆታ በ2020 ወደ 51 ያህል ወርዷል። (ለዚህ ሁሉ ምሳውን ብቻ የሚከሱ አሉ፤ የቤተ ሰብ ገቢ ማደጉንና ሥጋና ዘይት በየቤቱ መግባቱን የዘነጉ ይመስላሉ።)

በ2005 ደግሞ ያው መንግሥት ስለ አመጋገብ ትምህርት መሠረታዊ ሕግ አውጥቶ፣ ነባሩን የአገሩን የምግብ ባሕል ለልጆች ማስተማርን ከዓላማዎቹ አንዱ አደረገ። የምሳ ዕቃው ጸሐፊዋ እንዳሉት ታዛዥ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሕግ ምን ያስፈልግ ነበር?